ኩዊዚናርት፣ ኒንጃ ክሪሚ ወይስ ጨውና በረዶ? የቤት አይስክሬም ማሽን ለአዲስ አበባ ኩሽና

የአይስክሬም ማሽን ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ማሽኑን ሳይሆን ቤቱ ያለውን ፍሪዘር ነው። ከዚያ ቀጥሎ ሶኬቱን። ብዙ የተወደሰ ማሽን ከአሜሪካ በሻንጣ መጥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ወይ በ220 ቮልት ተቃጥሎ ይቀራል፣ ወይ ደግሞ የማንጎ ጭማቂ እያማሰለ አንድ ሰዓት ይዞርና ጭማቂውን እንዳለ ይመልሳል። ሁለቱም የማሽኑ ጥፋት አይደሉም።

ፍሪዘሩ ላይ፣ በሩ ወይም የውስጥ ግድግዳው ላይ፣ የኮከብ ምልክት ይኖራል። 1 ኮከብ ማለት ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 2 ኮከብ 12፣ 3 ኮከብ 18 ድረስ ይወርዳል ማለት ነው። 4 ኮከብ ደግሞ ያንኑ 18 ሳይለቅ አዲስ የገባ ነገር የማርጋት አቅም አለው። ባለ አንድ በር ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ከላይ ያለችው ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ 1 ወይም 2 ኮከብ ናት። ሥጋ ታደርቃለች፣ በረዶ ትሠራለች፤ ለአይስክሬም ግን አትበቃም። 3 ኮከብ የሌለው ቤት ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ሁለቱን፣ ጎድጓዳው ቀድሞ ፍሪዘር የሚገባውንና ኒንጃ ክሪሚን፣ መግዛት የለበትም።

ጎድጓዳው ቀድሞ ፍሪዘር የሚገባ ማሽን

የዚህ ዓይነቱ ጥሩ ምሳሌ ኩዊዚናርት አይስ-21 ነው። ከታች ሞተር አለው፤ በላዩ ድርብ ግድግዳ ያለው ጎድጓዳ ይቀመጣል፤ ከዚያ ፕላስቲክ ማማሰያና ክዳን። ሌላ ነገር የለውም። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል የሚረጋ ፈሳሽ ታሽጓል። ማሽኑ ራሱ ምንም አያቀዘቅዝም፤ ያለው ብርድ ጎድጓዳው ከፍሪዘር ይዞት የወጣው ብቻ ነው። ሞተሩ ጎድጓዳውን ሲያዞር ማማሰያው ባለበት ቆሞ ግድግዳው ላይ የረጋውን እየፋቀ ወደ መሃል ይመልሳል። ይህ መፋቅ ነው አይስክሬሙን አይስክሬም የሚያደርገው፤ የበረዶው ቅንጣት ከ50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው) ገደማ ሲያልፍ ምላስ እንደ አሸዋ ይለየዋል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ልስልስ ብቻ ነው የሚሰማው።

አምራቹ አይስክሬሙ በ20 ደቂቃ ይደርሳል ይላል። እውነት ነው፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ጎድጓዳው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ውስጥ 24 ሰዓት መቆየት አለበት፤ በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ከፍሪዘሩ የኋላ ግድግዳ ተጠግቶ፣ አፉ ወደ ላይ ሆኖ። ከረጢቱ የሚያስፈልገው ውስጡ ላይ ውርጭ እንዳይጋገር ነው፤ የተጋገረ ውርጭ ብርዱን ይከልላል። መርጋቱን ለማወቅ ወደ ጆሮ ጠጋ አድርጎ መነቅነቅ ነው። የፈሳሽ ድምፅ ካለ መልሱት። መብራት ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ደግሞ ድምፅ ባይኖርም 24 ሰዓቱን እንደ አዲስ ቁጠሩ፤ ጎድጓዳው ሲነካ የቀዘቀዘ ይመስላል እንጂ ውስጡ ያለው ብርድ ተበልቷል።

ይዞታው 1.4 ሊትር ነው ቢባልም ከ1 ሊትር በላይ አይፈስበትም። ድብልቁ ሲማሰል አየር ይገባበትና ከ20 እስከ 30 በመቶ ያብጣል፤ ያን ጊዜ በክዳኑ ቀዳዳ ይወጣል። ቅደም ተከተሉም የግድ ነው፤ መጀመሪያ ማሽኑ ይነሳል፣ እየዞረ እያለ ይፈስበታል። አስቀድሞ አፍስሶ ከዚያ ማስነሳት ማለት ግድግዳው ላይ በቅጽበት የረጋው በረዶ ማማሰያውን ነክሶ ይይዘዋል፣ ሞተሩም ቂጭ ቂጭ እያለ ይቆማል ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ላይ ምንም የሚታይ ነገር የለም፣ ጠርዙ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ብቻ። ወደ 10 ደቂቃ ሲጠጋ እንደ ቀጭን እርጎ ይሆናል። ከ15 በኋላ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፤ ድብልቁ እየታጠፈ ይንቀሳቀሳል፣ ማማሰያው ያለፈበት መስመርም ቶሎ አይከደንም። ማቆሚያው ይህ ነው። በዚህ ሰዓት ሙቀቱ ከዜሮ በታች 5 ወይም 6 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ማንኪያ ላይ እንደ ለስላሳ ጀላቲ ይቆማል፤ ኳስ እንዲሆን ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ 4 ሰዓት ይፈልጋል። «አልጠነከረም» ብሎ ለ40 ደቂቃ ማዞር ትርፉ ቅቤ ነው። ክሬሙ ተንጦ ላንቃ ላይ የሚለጠፍ ቅባት ይወጣዋል።

ድክመቱ አንድ ነው፣ ግን ትልቅ ነው፦ በአንድ ቅዝቃዜ አንድ ዙር። ልደት ላይ 25 ልጅ ተሰብስቦ ሁለተኛ ዙር ማሰብ የለም፣ ተጨማሪ ጎድጓዳ ካልተገዛ በስተቀር። እሱንም የሚያስገባ ፍሪዘር ሲኖር ነው።

ራሱ የሚያቀዘቅዝ ማሽን

ኩዊዚናርት አይስ-100 እና መሰሎቹ እንደ ፍሪጅ የራሳቸው ኮምፕሬሰር አላቸው። ጎድጓዳ ቀድሞ ማቀዝቀዝ የለም፤ ድብልቁን አፍስሶ ሰዓቱን እስከ 60 ደቂቃ መሙላት ብቻ ነው። አይስ-100 ከሁለት ማማሰያ ጋር ይመጣል፤ አንዱ ለአይስክሬም፣ ሌላው አየር ለማያበዛው የጣልያን ጄላቶ። አንዱ ዙር አልቆ ሌላው ወዲያው ይቀጥላል። በአሜሪካ ዋጋ ከጎድጓዳው ማሽን ሦስትና አራት እጥፍ ይወጣበታል፣ ክብደቱም ከ10 ኪሎ በላይ ስለሆነ 23 ኪሎ ከምትፈቅደው ሻንጣ ግማሿን ይወስዳል።

በሻንጣ ተገላብጦ ከመጣ ወዲያው አይሰካም። ቀጥ ብሎ ቆሞ አንድ ሌሊት ይደር፤ በጉዞ ላይ ወደ ቱቦው የሄደው የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ሥራ ላይ እያለ መብራት ጠፍቶ ቢመጣም እንዲሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ነው የምታስነሱት። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር የፍሪጅ መከላከያ፣ ያ ሰዓት እየቆጠረ የሚለቀው፣ እዚህም ያገለግላል።

ኒንጃ ክሪሚ

በ2021 የወጣው ይህ ማሽን የአይስክሬም ማሽን ተብሎ ይሸጣል እንጂ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። አያማስልም፤ ይፍቃል። ድብልቁ 473 ሚሊ ሊትር በምትይዝ ጣሳ ሆኖ ፍሪዘር ውስጥ 24 ሰዓት ድንጋይ እስኪሆን ይቆያል። ከዚያ ከላይ የሚወርድ ስለት እየዞረ ከአፍ እስከ ታች ይቆርጠዋል። ቅንጣቱ የሚደቅቀው በመቆረጥ ስለሆነ ስብ የሌለው ነገር እንኳ ልስልስ ብሎ ይወጣል፤ በጭማቂው የታሸገ አናናስ እንዳለ ጣሳው ውስጥ ገብቶ ቢረጋ ሶርቤ፣ ማለትም ወተት የሌለው የፍራፍሬ አይስክሬም፣ ይሆናል። ለጾመኛ ቤት ከሦስቱም ይሻላል። ጭማቂ ቤት የተሠራ ስፕሪስ ራሱ፣ አቮካዶው በዝቶ ስኳር ከተጨመረበት፣ ከዚህ ማሽን እንደ ክሬም ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ ሲወጣ ግን እንደ በሶ ዱቄት ብትን ብትን ሊል ይችላል፤ በተለይ ፍሪዘሩ በጣም ብርቱ ከሆነ። ሰው እዚህ ላይ ተበላሸ ብሎ ያዝናል። አልተበላሸም። መሃሉ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ወይም የኮኮናት ወተት ጠብ አድርጎ «ሪ-ስፒን» የሚለውን መጫን ነው። ማሽኑን በእውነት የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው፦ ጣሳዋ ፍሪዘር ውስጥ አጋድላ ከረጋች ስለቱ አንዱን ጎን ብቻ እየመታ ይጣመማል። መሃሉ ላይ ጉብታ ከወጣም በማንኪያ ፍቆ ማስተካከል ያስፈልጋል። በረዶ ብቻ፣ ወይም ፈሳሽ ያልተጨመረበት የደረቀ ፍሬ አይገባም።

ድምፁ ይረብሻል፤ ሕፃን ተኝቶ አይሞከርም። አንዷ ጣሳ ደግሞ ለሁለት ሰው፣ ቢበዛ ለሦስት ናት።

ጨውና በረዶ

አሜሪካዊቷ ናንሲ ጆንሰን በ1843 በእጅ የሚዞረውን የአይስክሬም ባልዲ በፓተንት ያስመዘገበችው በዚሁ መላ ነው፣ ዛሬም በሞተር እየዞረ ይሸጣል። ጨው የበረዶውን መቅለጫ ስለሚያወርደው የጨውና የበረዶው ውህድ ከዜሮ በታች 21 ዲግሪ ድረስ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ልኩ 3 ኪሎ በረዶ ለ1 ኪሎ ጨው ነው። ደቃቁ የገበታ ጨው ቶሎ ይሟሟል፤ ያልተፈጨው ሻካራ የአፋር ጨው ይሻላል፣ ይረክሳልም። 4 ሊትር በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ይህ ብቻ ነው። 3 ኪሎ በረዶ ከየት ይመጣል የሚለው የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ጨዋማው ውሃ አትክልት ላይ አይደፋ፣ የጣሳው አፍም ከበረዶው ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አንድ ጉንጭ ጨው ውሃ ገብቶበት ሙሉው የተጣለ አይስክሬም ብዙ ነው።

የሶኬቱ ነገር

ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ነው። አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፤ ሄርዙን ግን አይነካውም። ለጎድጓዳው ማሽን ይህ ትልቅ ችግር አይደለም፤ ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ፣ ዝግ ብሎ ቢዞርም፣ መለያው ላይ ከተጻፈው ዋት እጥፍ የሚችል ትራንስፎርመር ይበቃዋል። ለኮምፕሬሰር ግን ነው። ለ60 ሄርዝ የተሠራ ኮምፕሬሰር በ50 ሲሄድ ፍጥነቱ ከ6 አንድ እጅ ይቀንሳል፣ ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። የአሜሪካ ኮምፕሬሰር ማሽን ወደ አዲስ አበባ ባይላክ ነው የሚሻለው። ክሪሚ 800 ዋት ስለሚስብ ቢያንስ 1500 ዋት ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ እሱ ራሱ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ዕቃ ነው።

ከዱባይ የሚመጣው በቮልትም በሄርዝም ይስማማል፤ የሚቀየረው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር መሰኪያው ብቻ ነው። ከእስራኤልና ከአውሮፓም እንዲሁ ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል። ሳዑዲ ግን ቮልቱ ቢመሳሰልም 60 ሄርዝ ነው፤ ከዚያ ኮምፕሬሰር የሚያመጣ ሰው መለያው ላይ «50/60» መባሉን ያረጋግጥ። ሁለቱም ኩባንያዎች፣ ኩዊዚናርትም ኒንጃም፣ ለአውሮፓ ገበያ የ220-240 ቮልት ምርት አላቸው። ዘመድ ከለንደን የሚመጣ ከሆነ ከዋሽንግተን ከሚመጣው ይልቅ ለእሱ ንገሩት።

ድብልቁ

ማሽኑ የቱም ይሁን፣ ድብልቁ ቀዝቅዞ መግባት አለበት። ቀዝቃዛ ማለት ደግሞ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ያደረ፣ 4 ዲግሪ ገደማ። አንድ ሊትር ድብልቅ ከ20 ዲግሪ ወደ 4 ለማውረድ የሚፈጀው ብርድ በውስጡ ካለው ውሃ ግማሹን ለማርጋት ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህል ነው። ጎድጓዳው ያለችውን ብርድ ለማብረድ ጨርሶ ለማርጋት ባዶ እጁን ይቀራል። «ማሽኑ አይሠራም» ከሚሉት ቅሬታዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው የሚያልቁት።

ለ1.4 ሊትር ጎድጓዳ የሚሆን የቡና አይስክሬም እንዲህ ነው። 500 ሚሊ ሊትር ስቡ ያልወጣለት ወተት (ፈልቶ የቀዘቀዘ)፣ 250 ሚሊ ሊትር 35 በመቶ ስብ ያለው ፈሳሽ ክሬም፣ 140 ግራም ስኳር፣ 30 ግራም የዱቄት ወተት፣ 4 የእንቁላል አስኳል፣ ቁንጥር ጨው፣ 40 ግራም ቡና። ቡናው ለጀበና ከሚቆላው ትንሽ ሳሳ ይላል፤ ሙቀጫ ውስጥ ከፈል ከፈል እስኪል ብቻ ይወቀጥና ደቃቁ በወንፊት ይለያል፣ ደቃቁ ነው ምሬት የሚያመጣው። ሻካራው በቀዝቃዛው ወተት ተዘፍዝፎ ፍሪጅ ውስጥ 12 ሰዓት ያድራል። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሲጠለል ቡናው ወተት ጠጥቶ ስለሚያስቀር ተለክቶ እስከ 500 ይሞላል። የዱቄት ወተቱ ለጣዕም አይደለም፤ ነጻውን ውሃ ስለሚይዝ በረዶው እንዳይሻክር ነው።

አስኳሉና ስኳሩ ተመትተው፣ ወተቱና ክሬሙ ሞቅ ሲል በጥቂት በጥቂቱ ይፈስባቸውና ወደ እሳቱ ይመለሳሉ። ግቡ 82 ዲግሪ ነው፤ 85ን ሲያልፍ አስኳሉ ይቋጥራል። የባህር ጠረፍ ላይ ሆነው የጻፉት መመሪያ «ሊፈላ ሲል አውርዱ» ይላል፤ እዚያ ውሃ በ100 ስለሚፈላ ምልክቱን ለማየት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ገደማ ነው። በ82 እና በመፍላቱ መካከል ያለችው 10 ዲግሪ በዝግታ ካልሆነ በአንድ ትንፋሽ ታልፋለች። ቴርሞሜትር የሌለው ማንኪያውን ያውጣና ጀርባው ላይ በጣቱ ይስመርበት፤ መስመሩ ሳይፈስ ከቆመ ደርሷል። ወዲያው በረዶ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሌላ ሳህን ይጠለላል።

ክሬም ሲጠፋ፣ ወይም ዋጋው ሲያስደነግጥ፣ 210 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ ከ290 ሚሊ ሊትር ወተት ጋር ሞቆ (65 ዲግሪ ይበቃል) በጁስ መፍጫ 2 ደቂቃ ሲመታ ግማሽ ሊትር ያህል 35 በመቶ ክሬም ይወጣዋል። የገጠር ለጋ ቅቤ አይሆንም፤ የሚናጠው ከእርጎ ስለሆነ ሽታው አይስክሬሙ ውስጥ ጎልቶ ይወጣል።

ለጾም ደግሞ 700 ግራም የማንጎ ሥጋ (ያገራችን ማንጎ ጭራ ስላለው በወንፊት ይጠለል)፣ 180 ግራም ስኳር፣ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ የ2 ሎሚ ጭማቂ፣ ቁንጥር ጨው። ከስኳሩ 40 ግራሙን በማር መተካት ያለሰልሰዋል፤ ማር ከስኳር ይልቅ መርጋትን ያዘገያል። ስኳር ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፦ ሶርቤ ውስጥ ስኳር የሚጨመረው ለጣፋጭነት ብቻ አይደለም፣ ጠቅላላው ከ25 እስከ 30 በመቶ ካልሆነ በማግስቱ ቢላ የማይበሳው በረዶ ይሆናል። ከ30 ሲያልፍ ደግሞ አይረጋም። የቀድሞ ባለሙያዎች በጥሬ እንቁላል ነበር የሚለኩት፤ የታጠበ እንቁላል ከነቅርፊቱ ጭማቂው ውስጥ ሲቀመጥ የአንድ ሳንቲም ያህል ብቻ ከላይ ከታየ ልኩ ነው። በሁዳዴ እንቁላል ጾም ምግብ ውስጥ ማንሳፈፍ የሚከብደው ሰው ሚዛን ይጠቀም።

አቮካዶ ከሌላው ፍሬ የሚለየው የራሱ ስብ ስላለው ነው፤ 400 ግራም ሥጋ፣ 400 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተት፣ 170 ግራም ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ። ሎሚው ከቀነሰ በሁለት ቀን ይጠቁራል። የለውዝ ቅቤ 2 ማንኪያ ቢገባበት አይጠላም።

የሚጨመሩ ነገሮች፣ የተፈጨ ለውዝ፣ የተከተፈ ቸኮሌት፣ የሚገቡት በመጨረሻው 3 ደቂቃ ነው። የእንጆሪ ወይም የማንጎ ቁራጭ ጥሬውን ከገባ እንደ ጠጠር ጥርስ ይሰብራል፤ ውሃው ብቻውን ይረጋል። በስኳር ታሽቶ ለአንድ ሰዓት ከቆየ ወይም ትንሽ ከተቀቀለ ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ከማሽኑ ሲወጣ የሚጫነው ቀድሞ ፍሪዘር ውስጥ በቀዘቀዘ ጠፍጣፋ ዕቃ ነው፤ የሞቀ ዕቃ ጠርዙን ያቀልጠውና ያ የቀለጠው ተመልሶ ሻካራ በረዶ ይሆናል። ስስ ፕላስቲክ በቀጥታ ፊቱ ላይ ይለጠፍና ይከደናል። ጎድጓዳው ውስጥ የቀረውን በብረት ማንኪያ መፋቅ የለም፣ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ብቻ፤ ውስጠኛው ሽፋን አንዴ ከተሰነጠቀ ፈሳሹ ይወጣል፣ መጠገኛም የለውም። ጎድጓዳው የክፍሉን ሙቀት ካገኘ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፣ በደንብ ደርቆ ወደ ፍሪዘሩ ይመለሳል። እርጥብ ከገባ በሚቀጥለው ዙር ማማሰያው ግድግዳው ላይ ያለችውን በረዶ እየገጨ ሲንቋቋ ይሰማል።